ደርቤ በነጻ ያገኘው ፍሪጅ

ኅዳር 3፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
ዛሬም እንቅልፍ የለም። ከምሳ በኋላ ጋደም ስል ማዶ ደርቤ ሱቅ ያለው ፍሪጅ ያጉረመርማል። መንገድ ተሻግሮ ጆሮዬ ይገባል። እንዲህ የሚጮህ ነገር ለሰው ይሰጣል? የለስላሳ ወኪሉ ነው ትናንት አምጥቶ የተከለለት። ቀይ። ከነወንበሮቹ። «ሳንቲም አላወጣሁም» ይላል ደርቤ ላለፈ ላገደመው።
ላንቺማ ምን እደብቃለሁ፣ ደብተር። ጩኸቱ አይደለም። እኔስ ሱቅ የለኝም?

ኅዳር 6፣ ጠዋት
አግዳሚዬ ባዶ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቀይ ወንበር ላይ። የእህቴ ልጅ ሙሉ እንኳ ቀዝቃዛ ለስላሳ ከማዶ ገዝታ ፊቴ ቆማ ትጠጣለች። ሆድሽ በረዶ ይሠራል፣ ባል አይጠጋሽም አልኋት።
«አያ፣ ቅናት ነው የሚያናግርዎት።»
ሳቅሁ። ልክ ናት።
ከሰዓት። መብራት ጠፋ። ደስ አለኝ! ተሻግሬ የደርቤን ቁም ሳጥን ጤና ጠየቅሁ፤ ፍሪጅ ያለ መብራት ቁም ሳጥን አይደል? ድሮ በኔ ቀልድ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነበር። ዛሬ አልሳቀም።

ኅዳር 9
ወኪሉ መጣ። ጥሩ የምትባለው የደርቤ ሚስት ፍሪጁ ውስጥ ያኖረችውን እርጎ አስወጣ። ከእነሱ ጠርሙስ ሌላ አይገባም አለ። ነጻ ማለት ይህ ነው? ግን እርጎ ምን ቁም ነገር አላት። እኔ ብሆን አወጣ ነበር። ላምም የለኝ።

ኅዳር 11፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ነገ ሚካኤል። የማኅበራችን ጽዋ ተረኛ ደርቤ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ቀን። ሚስቱ ጠላውን ጠምቃ ጋኑን ሱቁ ጥግ አቁማለች፤ መኖሪያቸውም ያችው አንዲት ክፍል ናት። ሙሉ እየሮጠች መጣች። ወኪሉ ነገ ሱቁን ለማስታወቂያ ፎቶ ሊያነሳ ነው፤ ጋኑን ሲያይ፣ ወይ ይሄ ይውጣ ወይ ፍሪጁ አለ። ደርቤስ? ጠርሙሶቹን ይወለውላል አለችኝ። ለሚካኤል ጠላ አልተከራከረም!
ከንፈር መጠጥሁ። ወዲያው ደግሞ ሌላ አሰብሁ። የኔ ሱቅ ጋን የለበትም። ጠማቂም የለኝ። ወኪሉን፣ ፍሪጁን ወደዚህ አዙረው ልለው ነው። ቆርጫለሁ። ሙሉ የወኪሉን ስልክ ልታመጣልኝ ሄዳለች።
በር ተንኳኳ። እሷ መስላኝ ግቢ አልሁ። ደርቤ ነው። ጽዋውን በነጠላ ጠቅልሎ አቅፏል። ጥሩ ከበሩ ውጭ፣ ጋኑ እግሯ ሥር። ማኅበሩ ነገ አንተ ቤት ይዋል ይለኛል።
ፍሪጁስ? አልሁት።
እሱ እዚያው እኔ ዘንድ ይቆይ አለኝ። ዓይኑ መሬት ላይ።
ቆይ ደብተር። ጽዋ በንጹሕ እጅ ነው የሚቀበሉት፤ ልታጠብና…