የተክሎቹን ስም ሳነብ

ይድረስ ምላጩ ለዶለዶመ፣ ምላሱ ግን ለሰላ ፀጉር አስተካካይ ጎረቤቴ፤

ትናንት ልጄ ለሽርሽር ያመጣችኝ ደሴት ላይ ያለውን ትልቅ የዕፅዋት መናፈሻ አየሁ። አንዱ ቅጠል ብቻውን የሱቅህን በር ያክላል። አንተ በቆርቆሮ በተከልካት ሎሚ ስትኩራራ ትኖራለህ!

ልጄ ቤቴን ዘግቼ እሷ ዘንድ እንድጠቃለል እንደምትጨቀጭቀኝ ታውቃለህ። መግቢያው ላይ የሚገፋ ወንበር ተከራይታ መጣች።

«አባዬ፣ ይሄ ለሽማግሌ የተዘጋጀ ነው፤ ተቀመጥ።»

«ማን ከማን ተጣልቶ ነው የማስታርቀው?» አልኳት።

ተናደደች። «እሺ፣ ኮረብታው ጫፍ ያለው ዘንባባ ድረስ በእግርህ ከወጣህ የቤቱን ነገር ሁለተኛ አላነሳም!»

ወጣሁ። ትንፋሽ ባጠረኝ ቁጥር የተክሎቹን ስም የማነብ መስዬ እቆማለሁ። መነጽሬ ሆቴል ቀርቷል። አንዷ አትክልተኛ ጠጋ ብላ «አባት፣ ይሄ እኮ ‹ሣሩን አትርገጡ› ነው የሚለው» ብላ ልታጋልጠኝ! ዓይኔን ጠቀስኳት፤ ሳቋን ዋጠችልኝ።

ጫፍ ስደርስ ዘንባባውን አቀፍኩት። እንዳልወድቅ ነው፤ ለማንም እንዳትናገር። ልጄ ባዶውን ወንበር እየገፋች፣ በላብ ተጠምቃ ደረሰች። «በቃ፣ አሸነፍክ» አለችኝ።

የፖስታ ካርዱ ላይ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የልጅ ልጆቼም ሰላም ብለውሃል። እሁድ እገባለሁና መስኮቶቼን ከፋፍተህ ቤቱን አናፍስልኝ። ቤቱ ይከራያል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ከመጣ፣ «ባለቤቱ አለ» በለው።