ለሙዓዊያ የደፋሁለት ዘውድ

ውድ ወንድሜ ሀምዱ፣

እንደምን ከረምህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ትናንት ስትሪትሃም ካለው የአረጋውያን ማረፊያ፣ ከአልጋህ አጠገብ ተቀምጬ ነበርና። ይህን የምጽፍልህ ልጅህ ሪሐብ «አባባ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ነቃ ይላል፤ እኔ አነብለታለሁ» ስላለችኝ ነው።

ብሪክስተን ቤተ መጻሕፍት የምንገናኝባቸው ቅዳሜዎች ዛሬም ከዓይኔ አይጠፉም። አንተ ከደሴ የመጣህ የታሪክ መምህር፣ እኔ ከቅኔ ቤት የወጣሁ ጸሐፊ፤ ደማስቆ ላይ የነገሡትን ኸሊፋዎች፣ የኡመያዎችን ሥርወ መንግሥት ታሪክ በአማርኛ ልናዘጋጅ ተማማልን። አንተ ከዐረብኛው ትነግረኛለህ፣ እኔ እጽፋለሁ። ውጭ ዝናቡ ሲወርድ እኛ ደማስቆ ነበርን። ዐብዱልመሊክ የራሱን ዲናር ሲያስቀርጽ፣ ደጉ ዑመር የግል ጨዋታ ሲጀመር በመንግሥት ዘይት የሚበራውን መብራት እፍ ብሎ ሲያጠፋ በአንተ አንደበት አየሁ። ሥርወ መንግሥቱ ወድቆ ወጣቱ ዐብዱረሕማን ኤፍራጥስን በዋና ተሻግሮ እስከ ሩቁ ምዕራብ፣ እስከ አንዳሉስ ሲሰደድ ግን ድምፅህ ይሰበር ነበር። ሁለታችንም የተሻገርነው ወንዝ ነበረንና ምነው ብዬ አልጠየቅሁህም።

ስለ ሥርወ መንግሥቱ መሥራች ስለ ሙዓዊያ የጻፍሁትን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ያነበብሁልህ ዕለት ግን አዳራሹን በሳቅ አናጋኸው። «ሙዓዊያም ቅብዐ መንግሥት ተቀብቶ፣ ዘውድ ደፍቶ በዙፋኑ ተቀመጠ» ብዬ ጽፌ ነበር።

«አንተ ደብተራ! ጳጳሱን ከየት አመጣህለት?»

«ታዲያ ያለ ቅባት ይነግሣል?»

«እስቲ እጅህን አምጣ» አልኸኝ። መዳፌን በመዳፍህ ጥብቅ አድርገህ ጨበጥህ። «በይዓ ማለት ይህ ነው። ሰው እጁን ይሰጣል፣ ቃሉን ይሰጣል፣ ኸሊፋው ነገሠ። አበቃ!»

ከዚያ ወዲህ ሰላምታህ ሁሉ «ዛሬስ ማንን ቀባህ?» ሆነ።

ትናንት ሪሐብ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ ፕሊስ ብዙ ኤክስፔክት እንዳያደርጉ። ዛሬ እኔንም ነርስ ናት ብሎኛል።»

ገባሁ። ስሜን ነገርሁህ፤ አንተ ግድግዳውን ታያለህ። ስለ ደሴ አነሣሁ፣ ስለ ቅዳሜዎቻችን አነሣሁ፤ ዓይንህ ከግድግዳው አልተነቀለም። የማውቀው ሀምዱ ከዚያ ፊት ጀርባ አለ ወይስ የለም? ሌላ ላውቀው የፈለግሁት ነገር አልነበረም። ልነሣ ስል አንድ ተንኮል መጣልኝ። እንደ ዐዋጅ ነጋሪ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ሙዓዊያም ቅብዐ መንግሥት ተቀብቶ፣ ዘውድ ደፍቶ በዙፋኑ ተቀመጠ!» አልሁ። ደገምሁት፤ በዚህኛው ጳጳስና ዲያቆናትም ጨመርሁበት።

ግንባርህ ተቋጠረ። ቀኝ እጅህ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥታ አልጋው ላይ ስትዳብስ ቆየች፤ መዳፌን ስታገኝም ጥብቅ አድርጋ ጨበጠች።

ሪሐብ ሮጣ መጣች። «ምንድን ነው ጋሼ? ተናገረ እንዴ? ምን አለዎት?»

«አረመኝ» አልኋት።

ወንድሜ፣ በሚመጣው ሳምንት ዐብዱልመሊክን ቀብቼ እመጣለሁ፤ ከዚያም ልጆቹን በየተራ። አንተ ተቆጣኝ እንጂ እኔ መሳሳት አይሰለቸኝም። እጄን ሰጥቼሃለሁ፤ ቃሌንም።

ደብተራህ
ኪዳነወልድ
ከብሪክስተን