ውሃው የሰፈሩ ነው

ማክሰኞ

እጁን ነው የሰበሩት። ባሌ ግርማ ልብስ ሰፊ ነው፤ የቀኝ እጁ ከሌለ እንጀራችን የለም። የመናኸሪያ ጎረምሶቹ አለቃ ደምሴ ይህን ያውቃል፤ የለበሰውን ሱሪ የሰፋለት እሱ ነው።

ጥፋቱ እሁድ በቀበሌ ስብሰባ መናገሩ ነው። «ቦኖው የሰፈሩ ነው። የመናኸሪያ ጎረምሶች ወረፋ እየጣሱ ለሊቀመንበሩ ሆቴል የሚቀዱት ለምንድነው?» አለ። ሊቀመንበሩ ሳቀ። «ፀረ ልማት ከመሃላችን አይጠፋም» ብሎ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ። ትናንት ግርማ ከሱቁ ሲመለስ ደምሴና ጓደኞቹ መንገድ ላይ ጠበቁት። በዱላ። ሰው እያየ!

ረቡዕ

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። «ምስክር አለሽ?» አለኝ ተረኛው።

«ሰፈሩ ሁሉ አይቷል።»

«እንግዲያ ሰፈሩን ይዘሽ ነዪ» ብሎ ሳቀብኝ።

ቤት ለቤት ዞርኩ። አንዷ ልጇ ታሞባታል። አንዱ ከውስጥ ሆኖ «የለም በሏት» ሲል ሰማሁት። ጎረቤቴ አልማዝ እንኳ «እኔ ምንም አላየሁም» አለችኝ፤ ግርማን ከመሬት ያነሳችው እሷ ሆና! ቤት ገብቼ ድስት ወረወርኩ። ተጣመመ። ደግ አደረግኩ።

ሐሙስ

ሽማግሌ ተላከብን፤ ከነፍስ አባታችን ጋር። ሊቀመንበሩ እንደላካቸው አልደበቁም። «ልጆች ናቸው፣ ይቅር በሉ» አሉ መምሬ።

«አባቴ፣ ይቅርታ የጠየቀኝ ማነው? ደምሴ የታለ?»

ካህን ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው።

የባሰብኝ ግን ግርማ ነው። «እሺ በያቸው፣ የቀረችውን እጄንም እንዳይጨምሩልኝ» አለ። አለቀስኩለት። እሺ ግን አላልኩም።

ዓርብ

ቦኖው ጋ ስደርስ ከጎረምሶቹ አንዱ ጀሪካኔን በእርግጫ አሽቀነጠረው። «ለአንቺ ውሃ የለም።» ባዶዬን ተመለስኩ። የደምሴ እናት፣ እትዬ ብርቄ፣ የራሷን ጀሪካን ተሸክማ ተከተለችኝ።

«እንኪ፣ ልጄ።»

«የልጅሽን ውሃ አልጠጣም» አልኳት።

ደጄ ላይ አስቀምጣው ሄደች። እኔም ተጠማሁና ጠጣሁት። ጠጥቼም ንዴቴ አልበረደም።

እሁድ

ዛሬም ስብሰባ ነበር። ተነስቼ «ባሌን ማን እንደመታው የምታውቁ ተናገሩ» አልኩ። ሊቀመንበሩ «የግል ጠብ አጀንዳ አይሆንም» አለ። ከኋላ እትዬ ብርቄ ተነሳች።

«የመታው ልጄ ነው። ግን ሰኞ ጠዋት ቤቴ መጥተህ ‹ያንን ልብስ ሰፊ አፉን አስይዙልኝ› ያልከው አንተ ነህ። ጓዳ ሆኜ በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ።»

አንተ አለችው! በሰው ፊት!

«አእምሮዋን ነክቷታል፣ አስወጧት!» ብሎ ጮኸ። በር ላይ የቆሙት ጎረምሶች መሃላቸው ያለውን ደምሴን አዩት። ደምሴ መሬት መሬት ያያል። ማንም አልነካትም። ያኔ አልማዝ ተነሳች፤ «ሲደበድቡት እኔም አይቻለሁ» አለች። አዳራሹ ተንጫጫ። ሊቀመንበሩ ስብሰባውን በትኖ ወጣ።

ሰኞ

ደምሴን ጠዋት አሰሩት። ሊቀመንበሩ ሆቴሉ በረንዳ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፤ አሁን ሳልፍ አየሁት። ደሜ ፈላ።

እትዬ ብርቄ ዓይኗ አባብጦ መጣች። «ነገ ለልጄ ምሳ ላደርስለት ነው። ብቻዬን ፈራሁ» አለች።

እኔም ነገ ቃሌን ልሰጥ ጣቢያ እሄዳለሁ፤ ልጇ ላይ የሚያስፈርድበትን ቃል። ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «የላከውንም ተናገሪ። እኔም ከጎንሽ ቆሜ እናገራለሁ።»

ግርማ «ሊቀመንበሩን ማንም አይነካውም» ይላል። ይሆናል። እኛ ግን አብረን እንሄዳለን።