የአረፋው በሬ እንክብል

ኅዳር 4፣ 1965

አጎቴ ሙሀመድሰይድ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ ገባ። አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችን አዋቂ እሱ ነው... ከመርካቶ የማያመጣው እውቀት የለም። የዛሬው ቆርቆሮ ሙሉ ነው፦ ቀይና ቢጫ እንክብል። የሰው የተቅማጥ መድኃኒት። ለማን? ለአረፋ ለሚታረደው በሬ።

"ሰው ሲውጠው ይድናል፤ በሬ ሲበላው ይሰባል" አለ። ማን ነገረው? መርካቶ። መርካቶ ካለ አለቀ።

እሱ እንዳዘዘው በቀን ሁለት ሁለት እየከፈትኩ መኖው ላይ የምነሰንሰው እኔ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ነኛ። ይኸው፣ ትምህርቴ ለበሬ ጠቀመ።

ኅዳር 22

በሬው ሰባ። እናቴ ቀን ሙሉ የምታጭድለት ሣር አይደለም ያሰባው፤ እንክብሉ ነው አሉ። ሐጂ ከድሮ የሚባሉት ጎረቤታችን ሊያዩ መጡ። አጎቴ የበሬውን ጎን መታ መታ እያደረገ እንደ ዶክተር ሲያብራራላቸው ሳቄን በሻሼ አፈንኩ። ጥጃዋ ብታስነጥስ እንክብል። ዶሮዋ ብትተክዝ እንክብል። እዚህ ቤት ያልታከመ ምሰሶው ብቻ ነው።

ለራሴ ብቻ፦ ከሰሞኑ በቀን አራት ነው የምሰጠው። በሬው በሰባ ቁጥር አጎቴ ይለፈልፋል፣ እኔ እስቃለሁ። ማን ተጎዳ?

ታኅሣሥ 9

ታናሽ እህቴን ሳሌሃን ተቅማጥ ያዛት። አራት ዓመቷ ነው። በሬው በእኛው ቤት ስለሚያድር ከጋጣው አትጠፋም፤ በእበት ጎጆ ትሠራለች፣ በዚያው እጇ ትበላለች። አጎቴ አልደነገጠም። ቆርቆሮው አለ አይደል?

ታኅሣሥ 12

ሦስት ቀን ዋጠች። አልቆመላትም። ዛሬ ደም አለው። ቀልድ የለኝም።

ታኅሣሥ 13

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሐኪም የሚተካው ድሬሰሩ አቶ ብርሃኔ ምን እንደወሰደች ጠየቀ። አጎቴ ቆርቆሮውን በኩራት አወጣ። በሬው እንዴት እንደሰባበትም ተረከለት። አቶ ብርሃኔ ብዕሩን አስቀመጠ። መድኃኒቱን በየቀኑ የሚበላ ከብት፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ጀርም ይለምደዋል አለ። የለመደው አይሞትም። መልመዱንም ለሌላው ጀርም ያስተላልፋል፤ በእበት ይወጣል፣ በእጅ አፍ ውስጥ ይገባል። የሳሌሃ ጀርም ከዚያ ይምጣ አይምጣ አልምልም፣ ግን እንክብላችሁ አልገደለውም፣ አለ።

"ጀርም ደግሞ የት ተምሮ?" አለ አጎቴ።

"በእርስዎ በሬ ሆድ ውስጥ።"

አጎቴ ቆርቆሮውን ጋቢው ሥር ሸሸገ። የሚረታባትን ይህችን ቀን ስንቴ ተመኝቻት ነበር... ስትመጣ አላሳቀችኝም። የሚያድናት መድኃኒት እዚህ የለም። አቶ ብርሃኔ ስሙን ወረቀት ላይ ጻፈለት፤ አጎቴ ባገኘው የጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እኛ ስኳርና ጨው የገባበት ውሃ በማንኪያ እንሰጣታለን።

ለበሬው በቀን ሁለት ወይስ አራት? ማንም አልጠየቀኝም።

ታኅሣሥ 15

አጎቴ ከነአቧራው ደረሰ። መድኃኒቱን ለአቶ ብርሃኔ አስረከበና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። በቀን ስንት እንደምትወስድ የጠየቀው እሱ ነው። አጎቴ!

ታኅሣሥ 19

ሳሌሃ ቆጮ በአይብ ጠየቀች። ቀጥላ በሬውን ጠየቀች። አልሐምዱሊላህ።

ጥር 6

አረፋ። በሬው ታረደ። ስቡን ያየ ሁሉ አደነቀ። ሐጂ የተረፈውን እንክብል ለወይፈናቸው ለመኑ። ሁላችን የአጎቴን ንግግር ጠበቅን።

"ሐጂ፣ የእኔ በሬ ተምሮ ልጅ ሊገድልብኝ ነበር። የእርስዎን መሃይም አድርገው ያሳድጉት" አለ።

እንክብሉን የነፈጋቸው መስሏቸው ተቀየሙ። ከመርካቶ ማስመጣት አያቅተኝም እያሉ ወጡ። ሮጬ በራፍ ላይ ደረስኩባቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እበቱን፣ ደሙን፣ በቀን አራት አራቱን።

"አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ?"

"ሐኪምስ አይደለሁም፣ ሐጂ። በሬውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።"

ዞር ስል አጎቴ ከኋላዬ ቆሟል።

"አራት?" አለኝ።

አራት፣ አልኩት።