የታንኳውን ለውጥ ባለቤትነት ስለ መረከቤ

ለተከበሩ ጓድ አንዳርጋቸው፣
የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራችን የበላይ ጠባቂ
ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 1975 ዓ.ም.

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ስብሰባው፣ ጉዞውና ጭብጨባው እንዳላደከመዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የሐይቁ ዳር ሰዎች፣ አላህ ይመስገን፣ አለን፤ መሄጃ ስለሌለን የትም አልሄድንም። ይህንን በማኅበሩ ግድግዳ ላይ የለጠፍሁት ቢሮዎ ደጅ ብመላለስ ስላላገኘሁዎት ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምርቃቱ ቀን ላመስግንዎ። የደንገል ታንኳ ቀርቶ በሞተር ጀልባ በጋራ እንድናሰግር ወስነው፣ ጥብጣቡን ቆርጠው፣ «የዚህ ለውጥ ባለቤት እኔ ነኝ!» ሲሉ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብሁ። ወደ ኋላ እንዳናይም ታንኳዎቻችንን በዚያው ዕለት አስቃጠሉልን።

ሁለተኛ፣ ክረምቱ ሳይገባ የጀልባው ሞተር ነክሶ ቆመ። መለዋወጫ የሚገዛው በእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው፤ እርስዎ ግን ስብሰባ ላይ ነበሩ። በመጨረሻ መንገድ ላይ ጠብቄ ብለምንዎ፣ ከመኪናዎ ሳይወርዱ፣ «ጓድ ከሪማ፣ ጸሐፊዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ? የለውጡ ባለቤት አንቺ ነሽ» አሉኝ። በመኪና መስኮት ሹመት ሲሰጥ አይቼ አላውቅም ነበር። መፈረም አልችልም፣ መግዛት አልችልም፤ ተጠያቂ መሆን ግን እችላለሁ። መልቀቂያ ባስገባ «አብዮቱ መልቀቂያ አይቀበልም» ተብሎ ተመለሰልኝ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ወንድሜ ቡርሀን ልጆቹ ሲራቡ ማየት አልሆነለትም። ደንገል አጭዶ፣ ታንኳ ሠርቶ ወደ ሐይቁ ወጣ። ሲመለስ የእርስዎ ጓዶች ዳር ላይ ጠብቀው «ለውጥ አደናቃፊ» ብለው አሰሩት፤ ክሱ ላይ እንድፈርምም እኔን ጠሩኝ፣ የለውጡ ባለቤት ነኝና። ብፈርም ወንድሜ ይጠፋል፤ ባልፈርም ሁለታችንም። ሚስቱ ሸሪፋ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብላ፣ «አንቺስ ምን ብለሽ ልትፈርሚ ነው?» አለችኝ።

መልሴ ይኸውልዎ። ሹመቴን በሙሉ ልብ ተቀብያለሁ። ቡርሀን በታንኳ የወጣው በለውጡ ባለቤት፣ በእኔ ትእዛዝ ነው ብዬ ፈረምሁ። ሌሎቹም ደንገል እንዲያጭዱ አዘዝሁ፤ ዛሬ ጠዋት ታንኳዎቹ ሐይቁ ላይ ናቸው። አደናቃፊ ካለ እኔ ነኝ፤ ወንድሜን ይልቀቁልኝ።

እየፈራሁም ቢሆን ሹመትዎን የማልመልስልዎ፣
ከሪማ ዳውድ
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ በእርስዎም ቸርነት የለውጡ ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ቤቴ ከመስጊዱ ጀርባ ነው። እኔን ለመያዝ የሚልኳቸው ጓዶች መንገዱ እንዳይጠፋባቸው እርስዎ ከፊት ሆነው ይምሯቸው፤ አንድ ነገር እስከ መጨረሻው ሲመሩ ለማየት እንበቃለን።