ለጥድ አምባ የጻፍኳቸው መልሶች

ጥቅምት 14 ቀን 1965፣ መካነ ሰላም

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ለአውራጃው ጽሕፈት ቤታችን ሰባት ደብዳቤ መጣ፣ ለሰባቱም መልስ ጻፍኩ። ሦስቱን «እየተጠና ነው»፣ ሁለቱን «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል»፣ አንዱን «በትዕግሥት ይጠበቅ»። ሰባተኛው ምን እንደሚል አልገባኝም... «ደርሶናል» ብዬ ሸኘሁት።

ከሰዓት በኋላ አቶ ፈንታው መጡ። የጥድ አምባው ገበሬ። ለትምህርት ቤቱ ጉዳይ ሲመላለሱ ሦስት ዓመታቸው። በእግር የስድስት ሰዓት መንገድ። ሕዝቡ በደቦ ድንጋይ አግዞ ግድግዳውን አቁሟል። ቆርቆሮና ምስማር መንግሥት እሰጣለሁ ብሎ ነበር። እንደሚሰጥ የጻፍኩላቸው እኔው ነኝ።

«ምን መልስ አለ ጌታዬ?»

«በቅርቡ ነው አባቴ።»

«አብሽር። ብርሀንነሽ ዘጠኝ ዓመት ሞላት ብዬ ነው እንጂ...»

ልጃቸው ናት። እሷ ማንበብ እንድትችል ነው ይህ ሁሉ መንከራተት። ከወጡ በኋላ ታይፒስቷ ይርገዱ ከጽሕፈት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ክንፈ፣ ይሄ የአንተ በቅርቡ እኮ ጥርስ አወጣ» አለችኝ። ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ቆርቆሮ የለኝ። አማርኛዬ ግን አንደኛ ነው፤ ይህን ማንም አይክደኝም።

ኅዳር 8

አዲስ አበባ አንድ የምክር ቤት እንደራሴ ተነሥቶ፣ «በወሎ ስንት ትምህርት ቤት ተሠራ?» ብሎ ጠይቋል አሉ። ጥያቄው ከሚኒስቴሩ ደሴ፣ ከደሴ እኛ ጋ ደረሰ። የአውራጃው ገዢ አስጠሩኝ።

«ስንት አለን?»

«አምስት፣ ጌታዬ።»

«ስድስት በል። ጥድ አምባን ጨምር።»

«ጣራ የለውም እኮ...»

«ጣራው ከደሴ ይታያል? አስውበህ መልስ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። «አስውበህ» ሲሉኝ ደስ አለኝ እኮ! ውሸቱን ሳይሆን ሙያዬን ያዘዙኝ መሰለኝ።

ኅዳር 9

ጻፍኩት። «የጥድ አምባ ሕዝብ ጎተራው ሞልቶ ከተረፈው ምርት በፈቃዱ አዋጥቶ፣ ባለ አራት ክፍል ትምህርት ቤት ሠርቶ አጠናቋል።»

ጎተራውን ማንም አላዘዘኝም። ከራሴ ነው። ያለ እሱ አረፍተ ነገሩ ራቁቱን የቆመ መሰለኝ። ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ይርገዱ እየመታች፣ «ጎተራውን አይተኸዋል?» አለች። ጎተራውን ቀርቶ ጥድ አምባን ረግጬ አላውቅም። እሷ ስለ ጽሑፍ ምን ታውቃለች...

ጥር 22

ምስጋና መጣ! «ግልጽና የተሟላ መልስ» ይላል። ማታ ጠጅ ቤት ይዤው ሄጄ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ አነበብኩላቸው። ሁለተኛ ጊዜ ልጀምር ስል አንዱ ወንበሩን አዞረ።

ሰኔ 4

በልጉ ጠፋ። ከቆላው የተነሣ ሕዝብ ልጁን አዝሎ በከተማው መሐል ያልፋል፤ ወደ ወረኢሉ፣ ወደ ደሴ። መሥሪያ ቤት «ረሃብ» ብላችሁ እንዳትጽፉ ተባልን። «የዝናብ መዛባት» የምትለው የኔ ናት። ለዚህችኛዋ ግን ምስጋና አልጠበቅኩም።

ጥቅምት 27 ቀን 1966

አቶ ፈንታው መጡ። በድምፃቸው ነው የለየኋቸው። ስለ ትምህርት ቤት አላነሡም።

«እህል ደሴ ገብቷል ይላሉ። ለጥድ አምባም ይድረሰው ብለህ ጻፍልን።»

እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ገዢው ፈረሙ። «ይመጣል» አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

ኅዳር 19

የደሴ መልስ መጣ። እንዲህ ይላል፦

«የጥድ አምባ ሕዝብ ጎተራው ሞልቶ ከተረፈው ምርት በፈቃዱ አዋጥቶ፣ ባለ አራት ክፍል ትምህርት ቤት ሠርቶ ማጠናቀቁን እናንተው ባለፈው ዓመት የገለጻችሁልን ስለሆነ፣ እርዳታው በእርግጥ ለተቸገሩ እንዲሰጥ ተወስኗል።»

ቃል በቃል። አንዲት ነጥብ እንኳ አልጣሉም። ይርገዱ አነበበችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቀልድብኝ ቀረች።

ኅዳር 20

አቶ ፈንታው መምጣታቸውን በመስኮት አየሁ። የት ሄድኩ? ሽንት ቤት። የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሠላሳ ሁለት ዓመት ጎልማሳ፣ ሽንት ቤት በር ዘግቶ ቆመ! ግማሽ ቀን ቆየሁ። ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«እየተጠና ነው» አልኳቸው።

«አብሽር» ብለው ተነሡ።

አሁን ስጽፈው እንኳ እጄ ያፍራል።

ኅዳር 24

የእርማት ደብዳቤ ይዤ ገዢው ጋ ገባሁ።

«ለሚኒስቴር ውሸታም ነኝ ብዬ ልፈርም?»

«ሰው ያልቃል ጌታዬ።»

«ትምህርት ቤቱን ያልኩት እኔ ነኝ። ጎተራውን ማን ጨምር አለህ?»

ደብዳቤዬን አጥፌ ወጣሁ። እውነታቸውን ነው።

ታኅሣሥ 8

ትናንት ጥድ አምባ ሄድኩ። የስድስት ሰዓቱ መንገድ ለእኔ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው አነሡኝ። እሳቸውን ማን ያንሣቸው?

የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ያምራል። ድንጋዩ ተጠርቦ የተገጠመ ነው። ውስጡ ግን ሰው ተኝቷል... ከነፋሱ ለመጠለል የገቡ። ተማሪ መስለውኝ የነበሩት ልጆች ጥጉ ላይ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል፤ አይነጋገሩም።

የአቶ ፈንታውን ጎተራ አየሁት። እጄን ሰድጄ ታችኛውን ጭቃ ዳሰስኩ። እሳቸው ውኃ ሰጥተውኝ፣ «የሚቀመስ ስለሌለ ይቅርታ» አሉኝ። እኔን! ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጎተራውን፣ የደሴን መልስ፣ ሽንት ቤቱን ሳይቀር።

የውኃውን ዕቃ ከእጄ ተቀበሉ። ከዚያ፣

«ሞልቶ ተረፈ ብለህ?»

«አዎ።»

«ሳታየን?»

«ሳላያችሁ።»

ሚስታቸው አልታዬ ከውስጥ ማልቀስ ጀመሩ። ብርሀንነሽ የለችም። ባለፈው ሳምንት ወደ ደሴ የምታልፍ አንዲት ሴት፣ ቤት ታገለግለኛለች ብላ ወስዳታለች። ስሟን እንኳ በወጉ አልያዙም። «እህል ካለበት ትድረስ ብለን ነው» አሉ አባቷ። የደሴ መልስ በጎ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ቤቷ ነበረች። ይህን ማሳመር አልችልም።

ታኅሣሥ 9

ይርገዱን ደብዳቤ አስመታኋት። ያለ ማኅተም፣ በገዛ ስሜ። «በጥድ አምባ ጣራ ያለው ትምህርት ቤት የለም። እህልም የለም። ጎተራው ሞልቷል ያልኩት እኔ ክንፈ ነኝ፤ ሳላይ ነው። ሕዝቡ በረሃብ እየሞተ ነው።» አራት መስመር።

«ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው።»

«ያባርሩሃል።» ቀጥላ ሳትጠየቅ ሁለት ግልባጭ ጨመረች። ነገ በጭነት መኪና ራሴ ደሴ አደርሰዋለሁ። ፈርቻለሁ። በጣም።

የካቲት 9

እህሉ ጥድ አምባ ገባ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ሳይደርስለት ሞተ። ከሥራ ታገድኩ፤ ያገደኝ ደብዳቤ አማርኛው ደካማ ነው። ይህን ማሰቤ ራሱ... አይ ክንፈ!

መስከረም 3 ቀን 1967

ንጉሡ ወረዱ። በሬዲዮ ሰማን። ገዢውም ወደ ደሴ ተጠርተው ሄዱ፤ ምስክር ትሆናለህ ተብያለሁ። ከተማው «ያለ ምንም ደም» እያለ ይዘምራል። ለመዘመር አፌን ከፈትኩ፣ አሥራ ዘጠኙ ትዝ አሉኝና ዘጋሁት።

ኅዳር 9

አዲሶቹ ሹሞች ጉዳዬን አዩ። ቅጣቴ፦ የጥድ አምባ ጊዜያዊ አስተማሪ። ሌላ የሚሄድ ሰው አላገኙም ነበር፣ ስለዚህ ቅጣት አሉት።

ሕዝቡ ቆርቆሮውን መጠበቅ ትቶ በሣር ከድኖታል። ሠላሳ አንድ ልጅ ተመዘገበ። «ሀ» ብዬ ስጀምር ጠመኔው ተሰበረ፤ ሳቁብኝ። ልጆች ሲስቁ ሰማሁ።

ታኅሣሥ 11

አቶ ፈንታው ጠዋት ጠዋት መጥተው በሩ ጋ ይቀመጣሉ። አይናገሩም፤ ልጆቹ ሲያነቡ ይሰማሉ። ዛሬ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ቀረብ አሉ።

«ብርሀንነሽ ትመጣ ይመስልሃል?»

ስንት ዓመት መልስ የጻፍኩ ሰው ነኝ። አፌ ውስጥ አምስት ስድስት መልስ ተሰለፈ፤ ሁሉም ያማረ።

«አላውቅም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከአምስት ዓመት ወዲህ ከእኔ ሰምተው ያልተጠራጠሩት የመጀመሪያ ቃል ይመስለኛል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማታ እቤታቸው፣ አልታዬ ልጅቷን የወሰደችው ሴት ምን ትመስል እንደነበረ ነገሩኝ፤ ረጅም፣ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያላት፣ ደሴ፣ አረብ ገንዳ ሰፈር አካባቢ ነው ቤቴ ያለች።

ልጆቹን እስከ ሰኞ አሰናብቻለሁ። ነገ ጎሕ ሳይቀድ ከአቶ ፈንታው ጋር ወደ ደሴ እንነሣለን። ከአረብ ገንዳ ጀምረን፣ በር እያንኳኳን እንጠይቃለን።