«ያንሰዋል፣ ይጨመርለት!»

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

አንገሸገሸኝ። ከጠዋት ጀምሮ አፌ ላይ ያለው ቃል ይኸው ብቻ ነው።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ከአዲስ አበባ መልእክት ሰደደልኝ። «እትዬ ብርቄ፣ የዚህን ወር አምድሽን ስለ ኳስ ተጫዋቾች ደመወዝ አድርጊልን፤ አንባቢ ይወዳል።» እኔ ስለ ኳስ የማውቀው ጎል ሲገባ ሰው እንደሚጮህ ነው። ስለ ሰው ኪስ ለማውራት ግን ማን ይቀድመኛል?

በስልኬ ስለ አንዱ አነበብሁ። ስሙን አልጽፈውም፤ አፍ ያበላሻል። ጓደኛው በደመወዝ ከእኔ በለጠ ብሎ ልምምድ አልሄድም አለ አሉ። «አልተከበርኩም» ነው የሚለው። የሰውዬው ውሻ እንኳ የራሱ ሹፌር አለው! እኔ ከገዳሪፍ ዶካ ድረስ የመጣሁት በጭነት መኪና፣ በሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ውሻው ያየኝ እንደሆን ያዝንልኛል።

እዚህ ሱዳን፣ ዶካ ያለሁት ለእህቴ ለየሺ ብዬ ነው። ባልዋ ከሞተ ወዲህ መሬት እየተከራየች ታርሳለች፤ ዘንድሮ ያላትን ሁሉ ሰሊጥ ላይ አፍስሳዋለች። ሰሊጥ ደግሞ እንደ ማሽላ ታግሶ አይጠብቅም። ፍሬው ደርቆ አፉን ከከፈተ የሚበላው መሬቱ ነው። ይህ ሳምንት ሳይታጨድ ካለፈ ኸላስ፣ አለቀ፤ የሺ የለችም።

የሚያጭዱልን ሳሉጎች ናቸው፤ በየዓመቱ ከጎንደር ወገን ለአጨዳ የሚወርዱት ሠራተኞች። ዘንድሮ በመተማ በኩል መንገዱ አላምር ብሎ ብዙዎቹ ቀሩ። የሺ ከጭልጋ የመጣ አንድ ቡድን አግኝታለች፤ መሪያቸው ሞላ ይባላል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። ይህ ቡድን እግዜር የሰጣት ነው።

ማታ ላይ የጻፍሁትን ለጎረቤቶች ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። «ሰው እግሩን ስላወናጨፈ ብቻ ይህን ያህል ይበላል? ልኩን የሚያሳየው የለም?» ባለ ትራክተሩ ደሳለኝ ጭኑን በጥፊ መታ። «ጻፊው! ልክ ልካቸውን ንገሪልን!» ደስ አለኝ። የተመሰገነ ሰው ሞኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዛሬ ባለእርሻዎቹ እኛ ግቢ ዳሱ ሥር ተሰበሰቡ። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ጆሮዬን አቆምሁ።

ጉዳዩ የሳሉግ ዋጋ ነው። ሰው ስላነሰ አጫጆቹ ጨምሩልን ብለዋል። ሰሊጡን አጭደው፣ በነዶ አስረው፣ ለማድረቅ ሲያቆሙት ክምሩን ሂላ እንለዋለን፤ የሚከፈሉት በሂላው ነው። ደሳለኝ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ትናንት እትዬ ብርቄ ጥሩ ብላለች። ሰው ክንዱን ስላወናጨፈ ብቻ ይህን ያህል ይበላል? ልኩን እናሳየው!»

ሻዩ እጄ ላይ ፈሰሰ። የእኔው ዐረፍተ ነገር! እግሩን አውጥቶ ክንድ ከተተበትና አረፈው።

ልክ ወሰኑ። ከልኩ በላይ የከፈለ ሰው ሰሊጡን የሚያወጣለት መኪና የለም። መኪናው የማን ነው? የደሳለኝ። የሱዳኑ ጦርነት ከመጣ ወዲህ ናፍጣ የሚያገኘውም እሱ ነው። የሺ አንገቷን ደፍታ ነዶ ማሰሪያ ትገምድ ነበር።

ማታ ናዲ ሄድን። ናዲ የምንለው ኳስ የሚታይበት የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ጀነሬተሩ ከተመልካቹ በላይ ይጮኻል። ያ «አልተከበርኩም» ባዩ ሜዳ የለም፤ ካፖርቱን ደርቦ ከተመልካች ጋር ተቀምጧል። ሞላና ጓደኞቹ የዕለት ድካማቸውን ይዘው፣ የመግቢያ ከፍለው ያዩታል። እኔ አላስቻለኝም።

«አንተ ሞላ፣ ይሄ አያስጠላህም?»

«ምኑ እትዬ?»

«የሚበላው ብር ነዋ!»

«እሱ ባይበላው ለእኔ ይመጣ ነበር? የክለቡ ጌታ ኪስ ነው የሚገባ።» ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ። እኔ ደግሞ ይበልጥ ተናደድሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ማሳ ዋልሁ። ወገቤ ተቆርጧል፤ እኔ ያጨድሁ ይመስል።

ሞላን ሥራ ላይ ያላየ ሰው ስለ መሪ አያውቅም። ከቀኝ ጥግ ይነሣል፤ ግጥም ያወጣል፤ ሌሎቹ እየተቀበሉ ጀርባውን ተከትለው ያጭዳሉ። እሱ ሲፈጥን ይፈጥናሉ። ውኃ ሊጠጣ ሲያርፍ ሰልፉ ሁሉ ይላላል፣ ወሬ ይበዛል፣ አንዱ እሾህ ከእግሩ ያወጣል። መሪው የሄደበት ቡድን ግማሽ ቡድን ነው። ለዚህ ነው ባለእርሻ ሁሉ የሌላውን መሪ የሚያማትር።

ቀትር ላይ አንድ ሞተር ብስክሌት መጣ። የደሳለኝ ሰው ነው። ሞላን ግራር ሥር ወስዶ አንሾካሾከለት። ጥጋቡ የሚባለው ቀልደኛው አጫጅ ወዲያው ነገረኝ፤ «እትዬ፣ ሞላን ሊገዙብን ነው። ዝውውር ተከፍቷል!»

ትናንት ልክ ያወጣው ሰውዬ ዛሬ የራሱን ልክ በጓሮ በር ዘሎታል! ምራቄን ዋጥሁ፤ መረረኝ። ሞላ አልሄደም። ግን ነገስ?

የሺ ፊቷ ዐመድ መሰለ። «እታለም፣ ሞላ ከሄደ ሰሊጤ ረገፈ።»

መካሪዋ እኔ ነኝ። «ትንሽ ጨምሪለት፤ ለብቻው፣ ማንም ሳያይ። ደሳለኝም አይሰማም።» ይህን ስናገር ወጉን አላጣሁትም። ለመሪ የሚጨመር ነገር በሰው ፊት ነው የሚሰጠው፤ ስንት እንደሆነ ቡድኑ ሁሉ ይሰማል። እኛ ግን ደሳለኝን ፈራን። የሺ ብሩን በሻይ ቅጠል ካርቶን አድርጋ «ለሻይህ ነው» ብላ ሰጠችው። ተቀበለ። የሺን አየ፣ ካርቶኑን አየ፤ ይዞት ሄደ።

ተገላገልን ብለን ፉል በላን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

አልተገላገልንም።

ማሳው ዝም ብሏል። ማጭድ የለ፣ ዘፈን የለ። ሁሉም ግራሩ ሥር ሰሌን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ መሀል ላይ ያ የሻይ ቅጠል ካርቶን። ሞላ ራሱ ነው አምጥቶ ያስቀመጠው።

ጥጋቡ ጀመረን። «እትዬ የሺ፣ ሞላ ሁለት ወገብ አለው እንዴ? ወይስ የእኛን ወገብ ጅብ በላው?»

ሌላው ቀጠለ። «ሻይ ቅጠል ነው ብለን ልናፈላው ነበር!»

ሳቁ። ሳቃቸው ግን አልጣመኝም።

ሞላን ለብቻው ጠራሁት። «አንተ ሰው፣ የሰጠንህ ለጥቅምህ ነው። ደሳለኝ በድብቅ ሲሰጥህ ልታስብበት ነበር፤ የእኛ ምን አደረገህ?»

«የእሱንም አልተቀበልሁ። እትዬ ብርቄ፣ ያ የሚሰድቡት ኳስ ተጫዋች ስንት እንደሚበላ እርስዎ ዶካ ተቀምጠው ያውቃሉ። ዓለም ያውቃል። የእኔ እንዴት በሻይ ቅጠል ካርቶን ይሆናል? ሰርቄ ነው?»

«አንተ ደግሞ ራስህን ከእሱ ጋር!»

«ምን ልዩነት አለው? የእሱ ጉልበት፣ የእኔ ወገብ። ሁለቱም ሳያረጁ ያልቃሉ። እሱ ሲያልቅበት ግን ቤት ሠርቷል።» ወገቡን ያዝ አደረገና ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ።

እግሩን ያወናጨፈ ሁሉ አያጭድም ልለው ፈልጌ ነበር፤ አሁን ሳስበው ምን ማለት እንደሆነም አላውቅ።

ጥያቄያቸው አጭር ነው። የሁላችንም ይጨመር፣ በግልጽ ይጨመር። ካልሆነ ቅዳሜ ጓዛችንን ይዘን ሌላ እርሻ ፍለጋ ወደ ሾዋክ።

ቀኑን ሙሉ አንድ ነዶ አልታሰረም። ማምሻ ላይ የሺ አንዷን የሰሊጥ አገዳ ይዛ በቀስታ ነቀነቀች። ፍሬው እንደ አሸዋ መዳፏ ላይ ተንሿሿ። ከዳር ያለው መርገፍ ጀምሯል። መዳፏን ዘግታ ቆመች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አርብ፣ ጥቅምት 21

ማርያም ናት። ሳሉግ በማርያም ቀን ማጭድ አይነካም፤ ሰሊጥ ግን በዓል አያውቅም፣ ይረግፋል።

ጠዋት አዘጋጁ ጽሑፉ የት ደረሰ ብሎ ጠየቀ። ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥሁ። ደሳለኝ መንገድ ላይ አገኘኝ፤ «ጥሩ ጊዜ ነው እትዬ፣ እጃቸውን እስኪሰጡ ጠብቁ» አለኝና በቀኝ እጁ የያዘውን ፍስቱቅ የሚሉትን ለውዝ አቃመኝ። ከአፌ አውጥቼ ጣልሁት። ፍስቱቁ ምን አጠፋ?

ከሰዓት በኋላ የሺ ነጠላዋን አመሳቅላ ለብሳ ተነሣች። «ወዴት?» ብላት «ወደ ካምቦ» አለች። የአጫጆቹ ሰፈር ነው። እየሮጥሁ ተከተልኋት።

«ደሳለኝ መኪናውን ቢከለክልሽስ?»

«ይከልክለኝ። እታለም፣ የረገፈ ሰሊጥ በመኪና አይጫንም።»

ሰሌኑ ላይ ቆመች። የሂላውን አዲስ ዋጋ ለሁሉም ጮክ ብላ ተናገረች፤ ከልኩ በላይ ነው፣ ከጠየቁት ግን ትንሽ ያንሳል። «ያለኝ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ብል ውሸታም ነኝ።» ተያዩ። ሽማግሌው አጫጅ «ይሁን፣ የማርያም ቀን ነው» አለ።

ቀጥላ «የሞላን ጭማሪስ? እናንተው ወስኑት» አለች።

ሞላ መሬት መሬቱን ያያል። እኔ በሆዴ፣ ይሄኔ ምቀኝነታቸውን አያለሁ አልሁ። የሺ ካርቶኑን አንሥታ ውስጡ ያለውን በፊታቸው ዘረጋች።

ጥጋቡ ነው የተነሣው። «ጓዶች፣ ከፊት ሆኖ ፀሐዩን የሚቀበልልን ማነው? የምናጭደው የማንን ጀርባ እያየን ነው?» ወደ የሺ ዞረ። «እትዬ የሺ፣ ይቺ ያንሰዋል፤ ይጨመርለት!»

«ይጨመርለት!» አሉ ሁሉም፣ እየሳቁ። ትናንት ማጭድ ያስጣላቸው ብር ነው። ያው ብር።

የሺ ጨመረች። ሞላ ፊቱን በፎጣው ሸፈነ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ጣቴ ለመጻፍ እንቢ ብሏል። ነዶ ሳስር ዋልሁ።

ጎሕ ሳይቀድ ገቡበት። ሞላ በግጥሙ የሻይ ቅጠሉን ካርቶን አነሣ፤ እኔንም አልማረኝ። «መካሪዋ ብርቄ፣ ሻይሽ አልፈላም» እያሉ እየተቀበሉ አጨዱ። ይገባኛል። ስቄ ስቄ ሆዴን አመመኝ።

ዳር ዳሩ ረግፏል፤ የሺ ሳትቆም አለፈችው። የቀረው ግን ወድቆ ሳይሆን ታጭዶ ነው የዋለው። ማምሻውን ሂላዎቹ ሰልፍ የያዘ ሰው መስለው ቆሙ። አንድ ጥግ ብቻ ቀርቷል፤ ሰኞ ጠዋት ይጨርሱታል። የሺ በሂላዎቹ መሀል ስትሄድ እያንዳንዱን በእጇ ነካ ነካ ታደርጋለች፤ እንደ ልጅ ራስ።

የደሳለኝ መልእክት ደረሰን። «መኪናዬን እንዳታስቡት።» የሺ «ሻዩንም እንዳያስበው» ብላ መለሰች። እህቴ እንዲህ መናገር ከየት ተማረች?

እሁድ፣ ጥቅምት 23

ከናዲ አሁን ገባሁ። ሳልጽፈው አላድርም።

ያ የውሻ ጌታ ወደ ሜዳ ተመልሷል! ደመወዙ ተጨምሮለት ነው አሉ። ቤቱ ጢም ብሏል። ሞላ ግድግዳ ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ሁለት እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ደሳለኝ ከፊት፣ በምቹው ወንበር ላይ።

ተጫዋቹ ጎል አገባ። ቆርቆሮው ሊነሣ ደረሰ። ደሳለኝ ወንበሩ ላይ ወጥቶ፣ ሁለት እጁን ሰቅሎ፣ «ዋላሂ ይሄ ልጅ ያንሰዋል! ይጨመርለት! ይጨመርለት!» ብሎ አንባረቀ።

በሕይወቴ ብዙ የሚያቅለሸልሽ ነገር ሰምቻለሁ፤ ይሄን የሚያህል የለም።

ጥጋቡ ከኋላ ተነሣ። «ጋሼ ደሳለኝ! ይቺን ቃል ነገ ማሳዎ ላይ ይድገሟት!»

ቤቱ ሁሉ ወደ ደሳለኝ ዞረ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ማጨብጨብ የጀመሩት እነማን እንደሆኑ ዞር ብዬ ሳይ፣ የደሳለኝ የራሱ አጫጆች ናቸው። ጥጉን ይዘው፣ ቆመው፣ እያዩት ያጨበጭባሉ። እሱም ከወንበሩ ወረደ። ጨዋታው ሳያልቅ ወጣ።

ሞላ በጫጫታው ነቃ። «ማን አገባ?» አለኝ።

«አንተ» አልሁት። አልገባውም፤ ተመልሶ ተኛ።

የኳስ ተጫዋቹ ብር አሁንም ያንገሸግሸኛል። ያ ውሻ ከነሹፌሩ ያስጠላኛል። ሰው እግሩን ስላወናጨፈ የሚለውን ግን ከጽሑፉ ሰርዤዋለሁ፤ በእሱ ፋንታ ምን እንደምጽፍ ገና አላውቅም። አዘጋጁ ይጠብቅ።

መኪና የለንም። ሂላው እስኪደርቅ ድረስ ጊዜ አለን፤ የሺ ነገ ሾዋክ ሄዳ ትጠይቃለች። ይገኝ አይገኝ እንጃ። ሰማዩ ንጹሕ ነው፣ ሰሊጡም ቆሟል።